ጥሩምባው ያለፈበት መንገድ

ውድ ሮማንዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ ከኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ ነው። ቤታችን ፈርሷል። ታችኛው ሰፈር በሙሉ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። እኔ ደህና ነኝ። አብነት ሰፈር ያለው ሱቄ እንዳለ ነው፤ ቀለምና ቁልፍ እሸጣለሁ፣ ውሎዬንም እንደ ድሮው በማስታወሻዬ እጽፋለሁ።

የጻፍኩልሽ ስለ ካርታሽ ልነግርሽ ነው። እስከ ዛሬ የቆየሁት ጥሩ ወሬ ስለሌለኝ ነው።

ማስተማሩን ሳትተዪ ሁለተኛ ዲግሪሽን የጀመርሽ ጊዜ፣ ከቤተ መዛግብት የድሮ የአዲስ አበባ ካርታ ስካን አስደርገሽ አመጣሽ። ኮምፒዩተሩ ላይ ከሳተላይት ፎቶ ጋር እያደራረብሽ አሳየሽኝ። ትልልቁ መንገድ አለ፤ የመኳንንቱ ግቢ ከነአጥሩ አለ። እኛ የምንኖርበት ግን ዝም ብሎ ግራጫ ነበር። «አየህ አንተ ቀለም ሻጭ፣ እኛን ቀብተውን ነው ያለፉት» አልሽ። እኔም «አንደኛውን እጅ ብቻ ነው የቀቡት፣ ሁለተኛው እጅ ይቀራል» ብዬ አሳቅኩሽ። ከዚያ ወዲያ ሥራሽ ያንን ግራጫ መግለጥ ሆነ። ውስጥ ለውስጥ የነበሩት ቅያሶች መዝገብ ላይ የሉም፤ የሳተላይቱ ፎቶም ከጣሪያ በቀር ምንም አያሳይም።

ቅያሶቹን አንድም ሳይዘሉ የሚያዳርሱ አንድ ሰው ነበሩ፤ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ተሰማ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ከሟቹ ደጅ ጀምረው በየቤቱ በር ያልፋሉ። ስልክሽ ላይ የጫንሽው አፕ የሄድሽበትን መንገድ እየተከተለ በሰማያዊ ያሰምር ስለነበር፣ አንድ ቀን አብረሻቸው ልትዞሪ ፈለግሽ። እሳቸው ግን «ሮማን ልጄ፣ ሰው ሳይሞት ያን መንገድ አልዞርም። ማን ሞተ ልበል?» አሉሽ። እኔ ደግሞ የቀን ውሎዎን ልክፈል ብዬ ዋጋ ልቆርጥ ሞከርኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ሲስቅብሽ ከረመ። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ «እንዴት አደሩ?» ባልሻቸው ቁጥር «አድሬያለሁ፤ ዛሬም አልሞትኩልሽም!» ይሉሽ ነበር። አፍረሽ ጉንጫቸውን ስትስሚያቸው ከሱቅ ስመለስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

በኋላ ከላይኛው ሰፈር ጫማ ሰፊው አረፉ። ጥሩምባው ሲሰማ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ወጣሽ። የላይኛው ሰፈር ቅያስ በሙሉ ተሰመረልሽ። ወደ ታች የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ጋ ስትደርሱ ትንፋሽ አጠረሽ። በሽታው ያኔ ጀምሮሽ ነበር፣ አላወቅንም። አንቺ እዚያው ተቀመጥሽ፣ እሳቸው ወረዱ። ቤት ገብተሽ «የታችኛውን በሚቀጥለው…» ብለሽ ጀመርሽና ምን እንዳልሽ ሲገባሽ አፍሽን በእጅሽ ያዝሽ። ሁለታችንም ሳቅን።

የሚቀጥለው አንቺ ሆንሽ።

ያን ንጋት ጋሽ ተሰማ ከደጃችን ተነስተው ታችኛውን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ዞሩት። አንቺ የቀረሽ መንገድ፣ ሙሉውን። ስልክሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የደወለልሽን ሁሉ እያነሳሁ አርፋለች እላለሁ። አፑን አንዴ ነክቶ ስልኩን ለእሳቸው መስጠት ብቻ ነበር የሚፈልገው። ትዝም አላለኝ። ሚስቱ ፊቱ ተኝታ ይህ ትዝ የሚለው ሰው ይኖር እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ከሰፈሩ የመነሻ ማስታወቂያ መጣ። እኛ ዕቃ ስንጭን፣ ኮንዶሚኒየም ስናማርጥ ሰፈሩ ባዶ ሆነ። ጋሽ ተሰማን ሄጄ ለመንኳቸው። በዚህ ጊዜ «ለእሷ ስል ሰው ሳይሞትም እዞራለሁ» አሉ። የአጥሩ ዘበኛ አዘነልንና አስገባን፤ ግን ዘግይተናል። ሜዳ ነው፣ ሮማንዬ። ፍርስራሹ እንኳ ተጠርጎ ተጭኗል። ጋሽ ተሰማ ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወዲያ ወዲህ ዞሩና «ደጃችሁ በየት በኩል ነበር?» አሉኝ። ስልኩን አየሁ፤ የቆምንበትን ነጥብ ያሳያል። ደጃችንን ግን ማሳየት አቃተኝ፣ የገዛ ደጄን። እሳቸውም «እኔ መንገዱን አላውቀውም ልጄ፤ ግድግዳው ነበር የሚመራኝ» አሉ። ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ነጥቡም አልተንቀሳቀሰም።

ጎረቤቶቻችንን በየተበተኑበት እየደወልኩ ጠየቅኩ። እማማ ዘነቡ ቅያሱ በእሳቸው በር በግራ ይዞራል ይላሉ፤ ልጃቸው በቀኝ ይላል። ስልኩ ላይ ሲጨቃጨቁ አዳመጥኩ። ከገዢ ጋር በዋጋ ስንከራከር የት ላይ እንደምንገናኝ አውቃለሁ፤ እዚህ መሀል የሚባል ነገር የለም።

አስተማሪሽ ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ። ካርታው በስምሽ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሊቀመጥ ነው። የታችኛውን ሰፈር በግምት በነጠብጣብ እናሰምረው ወይ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቆይቼ ልደውልልዎ አልኳቸው። አንቺ «ያልሄድኩበትን አልስልም» ትዪ ነበር። ባዶ ሲቀር ደግሞ ኖረንበት የማናውቅ እንመስላለን። ስንት ቀን አስቤ፣ አይሰመር አልኳቸው። ግራጫው ግን ይነሳና ነጭ ይሁን አልኳቸው። ነጭ ገና ያልተቀባ ነው። ከዚህ የተሻለ ማድረግ አልቻልኩም።

አንቺ ያረፍሽበትን ቀን ማስታወሻዬን ከፍቼ አየሁ፣ አንድ ነገር ይዤልሽ እንደሆነ ብዬ። ምንም አልጻፍኩም። ስለዚህ በጆሮዬ የቀረውን እዚህ ልጻፈው። ጥሩምባው ከደጃችን ተነሳ። በእማማ ዘነቡ በኩል አለፈ፤ በግራ ይሁን በቀኝ አልለየሁም። የድንጋዩ አጥር ጋ ሲደርስ ድምፁ አስተጋብቶ ሁለት ጥሩምባ መሰለ። ከዚያ ወደ ወንዙ ቀጠነ። እንደገና ወደ እኛ መቅረብ ሲጀምር ቤት ውስጥ ለቅሶ ተነሳና አልሰማሁም።

የማውቀው እስከዚህ ነው። እስከዚህ ያለውን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።

ባልሽ