ያለ ድንኳን ለሄደው ባሌ

«ሄደ እንጂ አልሞተም።»

ይህን ያለችው በለቅሶህ ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከኋላዬ የተቀመጠች አሮጊት ናት። ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ነገረቻት፤ እኔም ሰማሁ። ሴትዮዋ ቀልድ የማታውቅ፣ በሐሰት የማትታማ ሰው ስለሆነች አመንኳት። እንባዬን ጠረግሁና የሄድክበትን ለማወቅ ተነሣሁ። በረት ገባሁ፤ በቅሎዋ ቆማ ገለባዋን ትበላለች። ጓዳ ገባሁ፤ ኮርቻው እንደተሰቀለ ነው፤ የውኃ ቅሎቹ በተርታ ተቀምጠዋል፤ በሶው በስልቻው ውስጥ አለ። ድንኳኑ ውጭ ተተክሎ ለቀስተኛ ተቀምጦበታል። ጫማህ እንኳ ከበሩ ሥር አልተነሣም።

ዓመት ሙሉ ለመንገድ ስትሰናዳ ከርመህ፣ በመጨረሻው ባዶ እጅህን፣ በባዶ እግርህ ወጣህ። መንገደኛ ብሎ ዝም።

ተሰማ፣ ከተለያየን እነሆ ዓመት ሞላን። ሙት ዓመትህ ባለፈው እሑድ ተበላ፣ ተጠጣ፤ ጠላው ቀጥኗል ብለው አምተውኛል። በሕይወትህ ሳለህ ሰው ፊት «እርስዎ» እልህ ነበር፤ እናቴ እንዲያ አስተምራኝ። ዛሬ አንተ እልሃለሁ። ክብር የፈለገ ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

እኔ ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፈው ትጠይቀኛለህ ብዬ ሳይሆን ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የቆጠረውን ፊደል ሁሉ በእኔ ላይ ጨረሰው፤ አንተም አውቀህ ነው ያገባኸኝ፤ ያለ እኔማ የሰም ንግድህን ደብዳቤ ማን ይጽፍልህ ነበር? ቤትህ እንደተውከው አይደለም። ጣራው ያፈስሳል፤ የሚያፈስሰው ግን አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል ብቻ ስለሆነ አላስጠገንኩትም። የበሩን መቃን ምስጥ በልቶታል። ከአጥሩ ሥር ያለው የሽመል ቀርከሃ ደን ሆኗል። ቀፎዎችህ ሞልተዋል፤ ንቦች ለሐዘን ጊዜ የላቸውም። ወንድምህ አያ ደምሴም መጥቷል። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ፤ በባዶ ሆድ የሚወራ ሰው አይደለም።

ከሁሉ በፊት ስለዚያ ጉዞህ የሆዴን ልናገር፤ በቁምህ አላስጨረስከኝም።

ነገሩን ያመጣው አብደላ ነው፤ ሰምህን በአህዮቹ ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ ወስዶ እየሸጠ፣ ጨውና ጨርቅ ጭኖ የሚመለሰው ጎረቤታችን። ካርቱም ፈረንጅ ቤት ያደረ የአጎት ልጅ አለው፤ ያ ሰው ከጌታው ጋር ግብፅ ወርዶ አየሁ ያለውን አብደላ መደባችን ላይ ተቀምጦ አወራን። «ወላሂ፣ ያ በቅሎ ብረት ነው። እግር የለው፣ ሁለት መንኮራኩር ነው፣ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ። ገብስ አይበላም። የፋኖስ ጋዝ ይጠጣል፣ ይሳላል፣ ይሮጣል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ብርዙን ይጠጣ ነበር። አንተ እራትህን ሳትጨርስ ተነሣህ። የታመምክ መስሎኝ ፌጦ በጠበጥኩልህ። በእርግጥም ታመህ ነበር፤ ፌጦ የሚያድነው ሕመም አልነበረም እንጂ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከምድጃው አመድ እያወጣህ ወለሉ ላይ መንገድ ትስል ጀመር። እዚህ ኩርሙክ፣ እዚህ ሮሴረስ፣ እዚህ ካርቱም፤ ከካርቱም ባቡር፣ ከባቡር ግብፅ፣ ከግብፅ ገበያ የብረት በቅሎ። ከዚያ በብረት በቅሎህ ተቀምጠህ፣ ዓባይን ተከትለህ፣ በሰው አገር ድንኳን እየተከልክ እያደርክ ትመለሳለህ። ድንኳን የምትተክልበት ቦታ ሁሉ ላይ አንድ የባቄላ ፍሬ ታስቀምጥ ነበር። እኔ ደግሞ ጠዋት ስነሣ ቤት እጠርጋለሁ። ግብፅን በየጠዋቱ ጠርጌ ደጅ ደፋሁ። ባቄላውን ግን ለቅሜ አስቀምጠው ነበር። እሑድ እሑድ የበላነው ንፍሮ የመኝታ ቦታዎችህ ናቸው።

ቄሱ ወሬውን ሰምተው መጡ። «ኢየሩሳሌምን ልትሳለም ነው?» አሉህ። አይደለም አልክ። «ንግድ ነው?» አይደለም። «የጠፋ ዘመድ አለህ?» የለኝም። «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» «ድንኳን ተክዬ ላድር።» ቄሱ ጥቂት አሰቡና «ለማደር ለማደርማ እዚህም ይመሻል እኮ» ብለው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። በዚያ ዓመት እዚህ አሶሳ ላይ ከተነገረው ነገር ሁሉ ስሕተት የማይወጣለት ይህ ብቻ ነው። የገበያ ሰው እንደሳቸው ጨዋ አልነበረም። «ተሰማ፣ ጋዝ የጠጣች በቅሎ ከኋላዋ እሳት ይዘህ እንዳትቆም» ብለው ሲስቁብህ፣ አንተ አገጭህን ይዘህ አሰብክና «እውነት ነው፣ ይህን አብደላን እጠይቀዋለሁ» አልካቸው። የሚሰድብህ ሰው እንኳ ከአንተ ጋር ደስታው አይሞላም።

ድንኳኑስ? አቡጀዲ ገዝተህ አሰፋህ፤ ዝናብ እንዳያስገባ ብለህ በሰም ነከርከው። የሰም ነጋዴ ነህና አልሳሳህለትም፤ ከነማሩ፣ ሳታጣራ፣ ድስት ሙሉ እያቀለጥክ። ምሰሶውን ከሽመል ቆረጥክ። ግቢ ውስጥ ተክለህ «እንሞክረው» አልክ። ብቻህን ውጭ ማደር ፈርተህ መሆኑን ስለማውቅ ገብቼ አብሬህ ተኛሁ። ውስጡ ቀፎ ቀፎ ይሸታል። ድንኳኑ አጥሮህ እግርህ ደጅ አደረ፤ ለእኔ ግን ልክ ሆነኝ። ዝናቡ መጣ፤ በሰሙ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ ሰማነው፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። «ግብፅ ላይ ዝናብ የለም ይላል አብደላ» አልከኝ። ታዲያ ሰሙ ለምን አስፈለገ ብዬ አልጠየቅሁህም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምነግርህ ስለማትሰማ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ሰሙ ሲሞቅ የጓሮው ንብ በሙሉ ነቅሎ መጣና ድንኳኑን ለበሰው። እስከ ቀትር ከውስጥ ሳንላወስ ተቀመጥን። የውጭ አገር ጉዞ ልምምድህ ይኸው ነበር።

በቅሎዋን ዳማንም አለማመድካት። ሐሙስ ሐሙስ አብደላ አህዮቹን ሲያስወጣ፣ ዳማን ከአህዮቹ ኋላ አስከትለህ በኩርሙክ መንገድ እስከ ወንዙ ወስደህ ትመልሳት ነበር። መቀመጥ ግን አንድ ቀን አልተቀመጥክባትም። በቅሎ ትፈራለህ። የሥጋዋን በቅሎ የሚፈራ ሰው የብረቷን ሊገዛ ተነሣ ብሎ አገር ሳቀ። አንተ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ፤ ማን ማንን እንደሚያለማምድ የሚያውቅ አልነበረም። አብደላ ብቻ አመሰገነህ። «ወይዘሮ፣ ባል ያንተ ጎበዝ ነው። በቅሎ አሁን መንገድ ያውቃል፣ እኔ ብተኛ እሱ ኩርሙክ ይገባል» አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አንድ ቃል ስጠብቅ ነበር። ነይ እንድትለኝ። የካስማ ገመድ አስፈተልከኝ፤ የስንቅ በሶ አስፈጨኸኝ፤ ግብፅን በአመድ ለመሳል ወለሉ አልበቃህ ሲል እግሬን እንዳነሣ ነገርከኝ። ነይ አላልከኝም። እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ አልለምንም። ስለዚህ አሾፍኩብህ፤ ከገበያ ሰው ሁሉ አብልጬ አሾፍኩብህ። ያልተጠራ ሰው የሠርጉን ወጥ ጨው በዝቶበታል ይላል።

ጥቅምት ሲገባ ንዳድ ያዘህ። ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አንተም ሲያባራ ልትነሣ ነበር። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆነህ የጠየቅከኝ ስለ ነፍስህ አልነበረም፤ ስለ እኔም አልነበረም። «አባራ?» ነው ያልከኝ። አላባራም አልኩህ። በዚህ ብቻ እንኳ የምትሰማኝ መስሎኝ ነበር፤ ሳያባራ ሄድክ።

ቅጠሉ ርሶ ዳስ መጣል ስላልተቻለ ድንኳንህን አውጥተው ተከሉት። በጉዞህ የሳቁ ሁሉ ድንኳንህ ውስጥ ተሰብስበው ተቀመጡ፤ ጣራውን በእጃቸው እየዳሰሱ «ጠብታ አያስገባም፣ ምን ያለ ሥራ ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን ደመናው ተገለጠ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ሰሙ ሞቀ። የቀረውን ታውቀዋለህ። ሲያለቅስ የነበረው ሰው ሁሉ በሌላ ድምፅ «ወየው» አለ። በእሳት ከቀለዱብህ የገበያ ሰዎች አንዱ ጋቢውን ጥሎ ሽመሉ ውስጥ ገባ። ቄሱ ብቻ አልተነሡም፤ በንብ ተከበው ጸሎታቸውን አደረሱ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ እንቀጠቀጥ ነበር፤ ያዩኝ ሁሉ «አይ ሐዘን» ብለው አዘኑልኝ። እየሳቅሁ ነበር። ባል ሆነህ ከሠራኸው ሁሉ የተዋጣልህ እሱ ነው።

አሁን ወደ አያ ደምሴ። ወንድምህ ከመተከል ደጋ ለሙት ዓመትህ ብሎ መጣ። እንደደረሰ ደረቱን መትቶ አለቀሰ፤ ከዚያ በረት ገብቶ የዳማን ጥርስ አየ። «እኅቴ፣ ሴት ብቻዋን ቆላ ላይ አትቀመጥም። ጓዝሽን ይዘሽ ከእኔ ጋር ትገቢያለሽ፤ እኔ ቤት ጥግ አይጠፋም» አለኝ። ያን ቤት አውቀዋለሁ፤ ጥጎቹ በሙሉ ተይዘዋል፤ በአንደኛው ፍየል ታስራለች። እዚያ ከገባሁ እስክሞት ድረስ ለሚስቱ ውኃ ቀድቼ፣ ለልጆቹ ፈትዬ፣ ከፍየሏ ጋር ተዛዝለን እንኖራለን። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው «መልካም ብሏል፣ ወንድም ማለት ይህ ነው» አሉ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እንደ አንተ ነው፣ የቤተ ሰባችሁ ወግ ሳይሆን አይቀርም።

እኔም እሺ አልኩ። ክርክር ጠብቀው ስለነበር ደነገጡ። ቤቱን ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀፎዎቹን ለአብደላ ሰጠሁ። አያ ደምሴ «ድንኳኑስ ይሸጥ» አለ፤ አገሩ ግን ንቡን አይቷል፤ የሚገዛ ጠፋ። ስለዚህ ይጫናል። በሶም አስፈጭቻለሁ። በዛ ብሎ ተቆጣኝ፤ ዓባይን እስክንሻገር የሚመጣው አይታወቅም አልኩት።

ትናንት ዳማን ሊሞክራት ተቀመጠባትና የባምባሲን መንገድ ያዘ፤ ወደ አገሩ የሚያስገባው በዚያ ነው። ከገበያው ዳር እንደደረሰች ቆመች። መታት፤ ተኛች። ደግሞ መታት፤ አንገቷን ወደ መጣችበት አዙራ ዓይኗን ጨፈነች። እየጎተተ በእግሩ ተመለሰ፤ ልጆች ተከትለውት ነበር። ሌላ በቅሎ ልከራይልሽ ሲለኝ፣ «አያ፣ በባሌ በቅሎ እንጂ በሌላ አልቀመጥም» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለች ሚስት በዚህ ዘመን የት ትገኛለች አሉ። አያ ደምሴም ልቡ ተነካ፤ «እንግዲያስ ባለቤቷን ስታገኝ ትሄድ ይሆናል» ብሎ ተወኝ።

የምንነሣው ሐሙስ ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ለመንገድ ይቀናል ብዬ። አብደላ ሊሰናበተኝ መጣና ጓዙን አየት አየት አደረገ። «ወይዘሮ፣ በሶ ብዙ አደረግህ» አለኝ። የስልቻውን አፍ አጥብቄ አሰርኩ። እሱም ጢሙን አሻሽቶ «ሐሙስ አህያ የኔ ቀስ ይላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣ» አለና ሄደ። ስለ አህዮቹ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጉዞህ አብቅቶለታል፤ ይህን እንድታውቅ ነው የጻፍኩት። የብረት በቅሎ የሚባል የለም፤ አብደላም በዓይኑ አላየም። ግብፅ ማለት ከምድጃዬ የወጣ አመድ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ጠርጌዋለሁ። የሞተ ሰው ሕልም ተሸክሜ የምዞርበት ትከሻ የለኝም።

መርሳቱን ግን አልቻልኩበትም። ሞክሬዋለሁ። ድንኳኑን ሳጥፍ ሰሙ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ በአመድ አሸሁት፣ በእንዶድ አጠብኩት፣ አልለቅ አለ። የትም ባድር እጄን ባሸተትኩ ቁጥር የምታስታውሰኝ አንተው ነህ፤ ከዚህ የበለጠ ቃል አልገባልህም። እግርህ ደጅ የቀረበትን በኩል ከስፌቱ በተረፈው አቡጀዲ አስቀጥዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ አንተ የጠየቅሁህን መቼ መለስክልኝ?

ሐሙስ ጠዋት አያ ደምሴ በፈረሱ ፊት ይቀድማል፤ እኔ በዳማ ተቀምጬ ከኋላው እከተላለሁ ብዬዋለሁ። ዳማ ከኩርሙክ መንገድ በቀር ሌላ መንገድ አታውቅም።