ጥቁር ጨርቅ ያላደረገው መምህር

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1958

አላደርግም አለ። በመምህራን ስብሰባ ላይ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ ዳና ጥቁሩን ጨርቅ አላደርግም አለ።

ቅዳሜ የካቲት 12፣ የሰማዕታት ቀን ነው። የከተማው በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ዘንድሮ ተማሪውም መምህሩም ጥቁር ጨርቅ በደረቱ ላይ በስፒል አያይዞ አደባባይ እንዲወጣ ወስኗል። ሊቀመንበሩ ፊታውራሪ ናቸው፤ የቀድሞ አርበኛ፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን ጣሊያን የገደለባቸው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ያላደረገ ሰው ስሙ ተመዝግቦ ለአውራጃው ይላካል ይላል። መዝጋቢውም እኔው።

ዳና ሒሳብ ያስተምራል። ጎረቤቴ ነው። እሱ የሚሲዮን ጸሎት ቤት ሰው፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። «እመጣለሁ፣ እቆማለሁ፣ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ያንን ማድረግ ግን አልችልም» አለ።

ዲሬክተሩ «አንድ ጣት የማታህል ጨርቅ እኮ ናት፣ አቶ ዳና!» ቢሉት፣ «ትንሽ ከሆነች ይተዉልኛ» አላቸው። ሰው ሳቀ። ዲሬክተሩ አልሳቁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

ጥቁር ጨርቅ ከገበያ ጠፋ። ጎረቤት ከተማ ቦዲቲም የለም። የስፌት መምህርቷ ነጭ አቡጀዲ ቀድዳ በትምህርት ቤቱ ቀለም ነከረችው። ግቢው ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል።

ከሥራ ስወጣ ዳና ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ማርታ ስምንት ወሯ ነው። «ሁምቦ ቆላ ቢጥሉትስ? በዚህ ሆዴ የት እሄዳለሁ?» አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከአውራጃው ጋር የተጣላው መምህር የተላከው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

ዳና ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ሲጠመቅ በጉባኤ ፊት በአንገቱም በክንዱም የታሰረውን ሁሉ ቆርጦ ጥሏል፤ ለሞተ ሰው ብሎ በሰውነቱ ላይ ምንም እንዳያስር ቃል ገብቷል። እናቱ ስትሞት እንኳ ጥቁር አልለበሰም።

«ወንድሜ፣ አንተ ማተብህን በጥስ ብትባል ትበጥሳለህ?»

እጄን አንገቴ ላይ አገኘሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ወሬው ከተማ ወጣ። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ፣ «የሚሲዮኑ መምህር አሻፈረኝ አለ አሉ።» «ታዲያ አባቱ ባንዳ ይሆናላ!» ዞር ብዬ ምንም አላልኩም። ማለት ነበረብኝ።

በዳና ክፍል ሰሌዳ ላይ ሰው «ባንዳ» ብሎ ጽፎ ጠበቀው። አጠፋውና ክፍልፋይ አስተማረ። በመስኮት አየሁት፤ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረበት።

የራሱ ጸሎት ቤት ሽማግሌዎችም ተከፍለዋል። አንዱ «መንግሥት ያዘዘውን አድርግ» ሲሉት፣ ሌላው «ካደረግክማ እዚህ አትምጣ» ብለውታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ፊታውራሪ አስጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ኒሻኖቻቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«አንተ ጸሐፊ፣ ያ ልጅ ምን አለ?»

አፌ ቀደመኝ። «ያደርጋል፣ ፊታውራሪ። በውጭ አላደርግም አለ እንጂ ከኮቱ ውስጥ፣ በልቡ በኩል ያደርገዋል።»

መወልወሉን ተዉ። «በልቡ በኩል? እንዲያ ከሆነማ ከእኛም በለጠ» አሉ። ፊታቸው ፈካ።

ቅልል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዳና ከሥራው አይነቀልም፣ ማርታም ቤቷ ትወልዳለች፣ ማንም አልተጎዳም። ለዳና አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ፍርሃት ያዘኝ። ፊታውራሪ ለሰው ቢያወሩስ? ዳና ቢሰማስ? ብነግረው እዚያው ሄዶ «ሐሰት ነው» እንደሚላቸው አውቃለሁ። እስከ በሩ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ነገ ሰልፉ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ፀሐዩ በረታ። ቀለም የነከርነው ጨርቅ በላብ ለቀቀና የልጆቹ ሸሚዝ ሁሉ ጠቆረ። ቀሳውስቱ ጸሎት አደረሱ። ፊታውራሪ በሰልፉ ፊት እያለፉ መጥተው ዳና ፊት ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ሰው እንዲሰማ።

«ልጄ፣ ባንዳ ብለውሃል አሉ። ኮትህን ክፈትና ይዩት!»

ለደግ ብለው ነው። ሊያከብሩት ፈልገው ነው።

ዳና ኮቱን ከፈተ። ነጭ ሸሚዝ ብቻ።

«የታለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«አለ ተብዬ ነው እኮ።»

«እኔ አላልኩም።»

ከኋላ አንድ ሰው «ባንዳ!» ብሎ ጮኸ። ፊታውራሪ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። «አባትህ ማን ነበር?»

«አንጁሎ ይባላል። የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። ጣሊያን እዚሁ ሶዶ አስሮት ሞተ።»

«የት ተቀበረ?»

«አስከሬኑን አልሰጡንም።»

የፊታውራሪ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ «ዝጋው» ብለው አለፉ። ሲያልፉ እኔን አዩኝ። ያን አስተያየት እዚህ መጻፍ አልችልም።

ሰልፉ ሲበተን ዳና አጠገቤ መጣ። «እኔ ጨርቁን እምቢ አልኩ፤ አንተ ውሸት አለበስከኝ» አለኝ። መንገዱን ብቻውን ሄደ።

እሁድ፣ የካቲት 13

ዲሬክተሩ መልእክት ላኩ፤ ዝርዝሩ ነገ ጠዋት አውራጃው መድረስ አለበት። ያላደረገው አንድ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አራተኛው ይኸው፦

«መምህር ዳና አንጁሎ በሰልፉ ላይ በሰዓቱ ተገኝቷል። ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው ቆሟል። ጥቁሩን ጨርቅ በሃይማኖቱ ምክንያት አላደረገም፤ አደርጋለሁም ብሎ አያውቅም። ያደርገዋል ብዬ ለኮሚቴው ሊቀመንበር በሐሰት የተናገርኩት እኔ ነኝ።» ፈረምኩበት።

ከጸሎት ቤት እስኪመለስ ጠብቄ ይዤለት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ማርታ ናት። ዳና ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። «ስለ ራስህ የጻፍከውን ብትተወውም አልቀየምህም» አለ። አልተውም አልኩት።

«እንግዲያስ አንድ ነገር ጨምርበት። አባቴ በጣሊያን እስር ቤት እንደሞተ። እስከ ዛሬ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።»

እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን።

«ሁምቦ ይልኩታል?» አለች ማርታ።

አላውቅም አልኳት። እኔንስ የት እንደሚልኩኝ መች አወቅኩ። ፖስታውን ግን አሽጌዋለሁ።