ማርያምን በይ!

ውድ ማራናታ፣

ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል። ብደውልልሽ አታነሺም፤ ልክ ነሽ፣ እኔም ብሆን አላነሳም። እንደምታውቂኝ አፌ ፈጣን ነው፣ እጄ ለጽሑፍ ሰነፍ ነው። ዛሬ ግን አፌ አፍሯል።

ከካዝናው ልጀምር። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት የስቱዲዮው ፓስወርድ ሁሉ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ሥር በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። የፌስቡክ ገጻችን፣ የሰርግ ቪዲዮ የምናስቀምጥበት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ሁሉም። ለጉርድ ፎቶ የመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሊያነበው ይችላል። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው" አልሽኝ። ከዚያ በሦስታችን ስልክና በቢሮው ኮምፒውተር ላይ አንድ የፓስወርድ ካዝና ጫንሽልን። ፓስወርዱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኔ፣ አንቺና ባልደረባሽ ይገዙ በየስልካችን እንከፍተዋለን፤ አንዳችን የቀየርነው ነገር ለሌሎቻችን ይደርሳል። "ግን ጋሼ፣ ሲንክ አድርጎ፣ ለሁላችንም አዳርሶ እስኪጨርስ ዳታዎን እንዳይዘጉት። ከዘጉት የቀየሩት ነገር እርስዎ ስልክ ላይ ብቻ ይቀራል" አልሽኝ። እኔም "እሺ እሺ" አልኩሽ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

የዳታ ነገር ላይ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ከፍቼ፣ መልእክቴን አይቼ፣ ወዲያው ጥርቅም። ይገዙ "ጋሼ ዳታና ቧንቧ ተከፍቶ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም" እያለ ይስቅብኝ የለ?

አንድ ቀን ጦር ኃይሎች ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከማከማቻው "ፓስወርድዎን ያድሱ" የሚል መልእክት መጣ። አዎ፣ አዎ እያልኩ ተጫንኩት። ካዝናው ራሱ አንድ ረጅም ዝብርቅርቅ ያለ ነገር አወጣና "ላስቀምጠው?" አለኝ፤ አስቀምጠው አልኩት። ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ ዳታዬን ዘግቼ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እንደ ሌላው ነዝናዛ መልእክት ሁሉ ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ ካዝናውን በስልኬ ከፍቼው አላውቅም፤ ቢሮ ኮምፒውተሩ አለልኝ።

ከዚያ ወይዘሮ አልማዜ መጡ። ጥቁር ለብሰው። የልጃቸውን ሰርግ የቀረጽነው እኛ ነን፤ ባለቤታቸው ሙሽሮቹን ሲመርቁ ያለውን ቦታ ፈለጉ። ሰውየው አርፈዋል፤ ለአርባቸው ዘመድ ሲሰበሰብ ድምፃቸውን ሊያሰሙ ነው። ኮምፒውተሩን ከፈትን፣ ማከማቻው እምቢ አለ። በአንቺ ስልክ እምቢ፣ በይገዙ ስልክ እምቢ።

በዚያው ሰሞን ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ለማስታወቂያ ክፍሉ ሊቀጥርሽ እንደሆነ ነግረሽኝ ነበር። በግልጽ፣ ፊት ለፊቴ፣ እንደ ጨዋ ልጅ። እኔ ግን ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ልዋሽሽ አልችልም። ማከማቻው እምቢ ሲለን ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልትሄድ ስለሆነ ቆልፋብን ነው።

"ጋሼ፣ የእርስዎንም ስልክ እንየው" አልሽ። በስንት ትሕትና! "የኔን ስልክ? እኔን ልትፈትሺኝ ነው?" ብዬ ጮህኩብሽ። ያን ጊዜ እሺ ብልሽ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

እኔ ባደግኩበት ቤት ነገር የሚቆረጠው በመሐላ ነው። የማለ ይታመናል፣ አልምልም ያለ አንድ ነገር አለበት። እናም በወይዘሮ አልማዜ ፊት፣ በይገዙ ፊት፣ መጀመሪያ እኔ ማልኩ። "ማርያምን አልነካሁትም!" አልኩ። ይገዙም ማለ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞርኩ።

"ማርያምን በይ!"

"ጋሼ፣ እኔ አልምልም። ቤታችንም አይማልም። አልቀየርኩም ካልኩ አልቀየርኩም።"

"ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል? እግዜርን በይ እሺ!"

"አልምልም ጋሼ።"

ጴንጤ መሆንሽን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? በወሬ መሃል "ማርያምን" ባልኩሽ ቁጥር ፈገግ ብለሽ ዝም ትዪኝ አልነበር? አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ንዴት የሚያውቀውን ሰው ያደነቁራል። "አየሽ! አየሽ!" እያልኩ በደንበኛ ፊት ሌባ አደረግኩሽ። ቦርሳሽን ይዘሽ ስትወጪ ወይዘሮ አልማዜ "በሞተ ሰው ድምፅ?" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡብሽ። ይህን ሰምተሽዋል፤ ስትሰሚ አይቼሻለሁ።

በዚህ መች አበቃሁ! የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ስላንቺ ሊጠይቅ ሲደውልልኝ "ሥራ ትችላለች፤ ቁልፍ ግን አትስጧት" አልኩት። እንጀራሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋሁብሽ።

አርባው ያለ ድምፃቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፋና ኮምፒውተሩ አልሠራ ሲል፣ ወደ ገጻችን ለመግባት ብዬ ካዝናውን በስልኬ ከፈትኩ፤ እንደ አጋጣሚ ዳታው ተከፍቶ ቆየ። መብራት ሲመጣ ይገዙ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ፊቱን አጨፍግጎ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

"ምንድነው?"

"ማከማቻው ተከፈተ።"

"እሰይ! እና ምን አስከፋህ?"

"ጋሼ… አዲሱ ፓስወርድ የመጣው ከእርስዎ ስልክ ነው ይላል ካዝናው። ቀኑም ወይዘሮ አልማዜ ከመምጣታቸው በፊት ነው።"

ታክሲው ትዝ አለኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ይገዙ ልጅ ሆኖ ነው እንጂ ምራቁን ቢተፋብኝ አልቀየመውም ነበር። ማራናታ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የማልነው ታመንን፣ ያልማልሽው ተባረርሽ፤ በሐሰት የማለው ግን እኔ ነበርኩ።

ለወይዘሮ አልማዜ ቪዲዮውን ይዤ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። "ያችን ልጅ ረግሜያታለሁ እኮ" ብለው አለቀሱ። ክሊኒኩም ሄድኩ፤ ቦታው ሌላ ሰው ገብቶበታል። ንጽሕናሽን በማኅተሜ ጽፌ ትቼላቸው ወጣሁ። ቦታውን ግን አይመልስልሽም።

እሁድ ዕለት ሁለት ሽማግሌ ይዤ ቀራንዮ እናትሽ ቤት መሄዴን ታውቂያለሽ። አንቺ ከጓዳ አልወጣሽም። እናትሽ ወንበር ሰጡን፣ ውሃ አቀረቡልን፣ ሽማግሌዎቹ ተናግረው እስኪጨርሱም ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አቶ የኔሰው፣ ልጄን ያዋረዷት በሰው ፊት ነው። ይቅርታዎ ግን በር ተዘግቶ ነው እንዴ?"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እናትሽ እውነታቸውን ነዋ! ተደብቄ ልታረቅ ነበር የመጣሁት፤ ያጠፋሁት ስም እንደጠፋ፣ የኔ ስም ደግሞ ሳይነካ።

ስለዚህ እስከዚህ የጻፍኩትን ለአንቺ ብቻ አልላክሁትም። በስቱዲዮው ገጽ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ አትሜም የሙሽሮች ፎቶ ተሰቅሎ በነበረበት መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህን መጨረሻውን ዛሬ እየጨመርኩበት ነው፤ ጠዋት ከታክሲ የወረዱ ሰዎች ቆመው ሲያነቡ ነበር። አንዱ አንብቦ ሲጨርስ ወደ ውስጥ አየኝና "ባለቤቱ አንተ ነህ?" አለኝ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ነገም ይቆማሉ፣ ከነገ ወዲያም። አንቺ አንሱት እስክትዪ አይነሳም።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸግርሽም። እሱ ያንቺ ነው፤ ብትነፍጊኝም አይፈረድብሽም። እዚህ ለምታነቡት ሁሉ ግን እነግራችኋለሁ፦ ማራናታ ምንም አልቆለፈችም። የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

ያዋረደሽ፣
የኔሰው