በባለቤቴ ስም ሊሰየም ስለታሰበው የቴሌቪዥን ክፍል፣ ለማኅበራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የማኅበራችን ሊቀመንበር ለአቶ ጊዲዮን
ሆሎዌይ፣ ለንደን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል ስል በአክብሮት እጠይቃለሁ። ክረምቱን ጉልበትዎን ያምዎት እንደነበር ሰምቻለሁ። ተሽሎዎት ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ካልተሻለዎትም ይህን ሁሉ ዓመት ከያዙት ወንበር ለመነሳት ስለማይገደዱ እኛ አባላቱ ብዙ አንሰጋም። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚህ ነው የምለው፤ ሰውም ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ አይጠይቅም።

የማኅበራችን አዳራሽ የቴሌቪዥን ክፍል በሟች ባለቤቴ በአምሃ ስም እንዲሰየም መወሰኑን ገልጾ፣ ጥብጣቡን እንድቆርጥ የሚጋብዘኝ ካርድ ደርሶኛል። ግብዣው በማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ለሁሉም በይፋ ስለተነገረ መልሴም ለሁሉም በይፋ ቢነበብ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ። አዲሶቹ አባላት አምሃን ስለማያውቁት፣ ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት ማን እንደነበረ ልንገራቸው።

አምሃ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ሳገኘው እሱ ቶተንሃም፣ እኔ ሆሎዌይ እንኖር ነበር። የለንደንን ኳስ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። እሱ የሰፈሩን ክለብ፣ እኔ የሰፈሬን ክለብ ይዘን ተጋባን፤ ቄሱም አንድ ሥጋ ሁኑ አሉን እንጂ አንድ ክለብ ደግፉ አላሉንም። ሁለቱ ክለቦች በሚጋጠሙበት ሳምንት እቤታችን ውስጥ ጨው አቀብይኝ ከማለት በቀር ወሬ አልነበረም። ደስተኞች ነበርን።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁም አንደበቱም አብረው ተያዙ። ንግግር የምታስተምረው ባለሙያ እየመጣች የኩባያ፣ የቁልፍ፣ የውሻ ሥዕል ታሳየው ነበር። አምሃ ሥዕሉን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ ዝም። ወራት እንዲሁ አለፉ። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በዚያው አዳራሽ ኳስ እያየን ሳለ ክለቤ በእሱ ክለብ ላይ ጎል አገባ። አምሃ ግራ እጁን አንስቶ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ኦፍሳይድ ነው» አለ። ወዳጁ አኑዋር ቴሌቪዥኑን ትቶ እሱን ያይ ጀመር። እኔ ተነስቼ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ጎሉ ግን ኦፍሳይድ አልነበረም፤ ይህንን ዛሬም አስረግጬ እናገራለሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ቃል ይጨመርለት ጀመር። «ዳኛው አያይም» አለ። «ይቀየር» አለ። አንድ ቀን ክለቤ ተሸንፎ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ወደኔ ዞሮ፣ «ሐረግ፣ ተሸነፋችሁ» አለኝ። ከታመመ ወዲህ ስሜን ሲጠራ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ባለሙያዋ ይህን ስነግራት ሥዕሎቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «እንግዲያው ኳሱ እንዳይቋረጥበት» አለችኝ። ይህንኑ መጥቼ ለእርስዎ መንገሬን፣ እርስዎም «ተባረኪ» ማለትዎን ያስታውሱ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ባለፈው መስከረም ባወጡት መመሪያ የቅዳሜ አመሻሽ ኳስ ከአዳራሹ ቀርቶ በምትኩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርጫት ኳስ እንዲታይ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ የክለብ ተጫዋቾች ለገንዘብ የሚሮጡ ቅጥረኞች መሆናቸውን፣ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ግን ትምህርትና ላብ የተጋቡበት ንጹሕ ጨዋታ መሆኑን በሰፊው አስረድተውናል። እኔም ሆስፒታል ወለል ስወለውል የኖርኩት ለገንዘብ ስለነበር ነገሩ ገብቶኛል። ልጅዎ ዳናዊት እዚያ በስኮላርሺፕ የምትጫወት መሆኗ ከመመሪያው ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው ብለዋል፤ አምነናል። ስለ ዳናዊት ከልቤ የምናገረው ግን አለኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ኳስ ከእጇ ስትወጣ ያምራል። በራሷ ጊዜ ብትታይ ኖሮ እኔም ቁጭ ብዬ አጨበጭብላት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቹንም ደሞዝተኛ ተጫዋቹንም ሰው የሚወደው በአንድ ዓይነት ልብ ነው፤ የማን ፍቅር ንጹሕ እንደሆነ ለመመዘን ኮሚቴ ማቋቋም የጀመርነው እርስዎ ከመጡ ወዲህ ነው።

ሁለተኛ፤ የእኔና የአምሃ ክለቦች ስለተገናኙበት ቅዳሜ አመሰግናለሁ። መመሪያው ለዚያ አንድ ቀን እንዲላላ ልለምንዎ አስቀድሜ መጥቼ ነበር። እርስዎም እጄን ይዘው፣ «እህት ሐረገወይን፣ አምሃ እንደሁ በሽተኛ ነው፤ ለእሱ ኳስ ሁሉ አንድ ነው» አሉኝ። ማልቀስ ወይም መናደድ ሲገባኝ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ሆኖም ወዳጆቹን ማየት ይወዳልና ካፖርቱን አልብሼ ይዤው መጣሁ።

አምሃ ከፊት ተቀመጠ። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። የሚጠብቀውን ያወቅሁት ይመስለኛል፤ ጣቢያው እስኪቀየር ነበር የሚጠብቀው። ቆይቶ አፉ ቃል መፈለግ ጀመረ። ምን ሊል እንደነበር ዛሬም እያሰብኩ ነው። «ይቀየር» ሊል ይሆናል፤ «ቀኑ እኮ ዛሬ ነው» ሊል ይሆናል። የመጣለት ግን ያው የለመደው ነው፤ «ኦፍሳይድ» አለ። ከፊት ወንበር የነበሩት ሳቁ። እርስዎም ዞር ብለው፣ «አምሃ፣ ቅርጫት ኳስ እኮ ኦፍሳይድ የለውም» አሉት፤ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲያውም በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የሚጠላው ሰው ቢያንስ አጥብቆ ያየው ነበርና።

ስንመለስ አኑዋር አብሮን አውቶቡስ ተሳፈረ። በስልኩ ውጤቱን ቼክ አደረገና ለአምሃ አሳየው፤ የአምሃ ክለብ ክለቤን አሸንፎት ነበር። እኔ ፊቴን ወደሱ አዙሬ ጠበቅሁ። ተሸነፋችሁ እንዲለኝ ነበር የምጠብቀው። አምሃ ስልኩን አይቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እስክንወርድ ድረስ ወደ እኔ አልዞረም።

ሦስተኛ፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቃል አልወጣውም። እቤት ኳስ ከፈትኩለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ባለሙያዋ ሥዕሎቿን ይዛ ተመልሳ መጣች። በጸደይ ሁለተኛው ስትሮክ መጣና ወሰደው። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ የደም ሥር ነው አለኝ እንጂ የእርስዎን ስም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

አራተኛ፤ በቀብሩ ላይ ስላደረጉት ንግግር። አምሃ የስፖርት ወዳጅ፣ የአዳራሻችን ድምቀት፣ የሁላችንም ወንድም እንደነበር ተናግረዋል። ብዙ ሰው አልቅሷል። እኔ የአኑዋርን ጫማ እያየሁ ነበር፤ ማሰሪያው ተፈትቶ ነበርና እንዳይደናቀፍ እያሰብኩ ነበር። ንግግርዎ ረጅም ስለነበር ብዙ አስቤበታለሁ።

ለግብዣው መልሴ የሚከተለው ነው። ጥብጣቡን አልቆርጥም። ይህን የምለው በቁጣ አይደለም፤ ቁጣ ቢኖረኝ ኖሮ ደብዳቤው አጭር በሆነ። ሰሞኑን የክለቤን ጨዋታ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ። ጎል ሲገባ ጎል እንደገባ ይታወቀኛል፤ ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ለእኔ አይደለም። አኑዋርና ሦስት አራት ሽማግሌዎች አሁን ቅዳሜ የሚያዩት በአኑዋር ሳሎን ነው፤ ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን መውጣት የሚችለው ይመጣል። አባላችን ብርሃኑ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን የሚኖር፣ እግሩም የማይታዘዝለት ነው፤ ደረጃውን ስለማይችል ቅዳሜ የትም አይሄድም። ባለፈው ስጠይቀው፣ «እኔ ደህና ነኝ» አለኝ። ይህን መልስ ስለማውቀው ነው የምጽፍልዎት። ለክፍሉ ስም ከመስጠት ይልቅ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሪሞቱን ለአኑዋር ይስጡልኝ። ዳናዊት የምትጫወትበትንም ሌላ ሰዓት ላይ ያሳዩን፤ እመጣለሁ።

ጊዜዎን ሰውተው ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ለመሪነትዎ ያለኝ አክብሮት በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከተገለጸው እንዳይበልጥም እንዳያንስም እየተመኘሁ፣ እስከ ሊቀመንበር ምርጫው ቀን ድረስ በታዛዥነት እቆያለሁ።

ሐረገወይን
የማኅበሩ አባል፣ ሆሎዌይ

ማስታወሻ፤ በግብዣ ካርዱ ላይ፣ በሩ ላይ ሊሰቀል በተዘጋጀው ሰሌዳ ፎቶም ላይ፣ «አምሃ ወልደሚካኤል» ተብሎ ተጽፏል። የባለቤቴ አባት ኪዳነማርያም ይባላሉ። እባክዎ እንዳያርሙት። እንዲህ ከሆነ ክፍሉ የተሰየመው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ለዚያ ሰውና ለቤተሰቡ እንኳን ደስ አላችሁ ይበሉልኝ።