ለእኛ በተያዘው የፊት ረድፍ ላይ ያልተገኘንበት ምክንያት

ይድረስ ለክቡር የሰፈራችን የሕዝብ አዳራሽ ዝግጅት ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ባለፈው እሑድ ያን ሁሉ ምስጋና ላወጣው ጉሮሮዎ በቂ እረፍት እመኛለሁ። እኔ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ቤት የእርስዎን ጭምር ጸጉር የማስተካክል፣ በየዝግጅቱ ደግሞ በፈቃዴ ብርጭቆ የማደርቅ ሰው ነኝ።

በግልጽ ለመጻፍ የደፈርኩት እርስዎም በግልጽ ስለጻፉልን ነው። ሰኞ ጠዋት በአዳራሹ በር ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ የበጎ ፈቃደኞች የምስጋና ቀን በደመቀ ሁኔታ መከበሩን፣ ነገር ግን ተመስጋኞቹ በክብር ተጠርተው ባለመምጣታቸው የፊት ረድፉ ባዶ ሆኖ እንግዶችን ማሳፈሩን፣ ኮሚቴውም በዚህ እጅግ አዝኖ የሚመጣውን ዓመት ምስጋና እንደገና እንደሚያጤነው ገልጸዋል። አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ሊመሰገኑ ይገባል። እኛ ግን አልቀረንም፤ ከግድግዳው ወዲያ ነበርን። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የጥሪ ካርዱ «የክብር እንግዳ» ይለን ነበር። ካርዱ እጃችን በገባ ማግስት የኮሚቴው ጸሐፊ ደውለው፣ ለዝግጅቱ አስተናጋጅ እንዳልተገኘና ሥራውን ከእኛ በላይ የሚያውቀው እንደሌለ ነገሩን። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሏል ይህ ነው። እምቢ ብንል ምስጋናችን ሊሰረዝ ሆነ፤ ስለዚህ እንድንመሰገን ስንል እሺ አልን። ንግግሩ ሲጀመር ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ ተብለንም ነበር።

፪ኛ. በሩ ላይ ለሌሎች እንግዶች አበባ፣ ለእኛ ሽርጥ ታደለን። ስለራሴ አይደለም፤ የእኔ ሸሚዝ ሽርጥ ቢሸፍነው የሚጎድልበት ነገር የለም። ሰፈሩ በሙሉ እታለም የሚላት አክስቴ ግን ለዚያ ቀን አዲስ ቀሚስ አሰፍታ ነበር። ይህች ሴት ደም ልገሳ ሲሆን፣ የጽዳት ዘመቻ ሲሆን፣ የልጆች ሩጫ ሲሆን ሻይና ውኃ ይዛ ያልቆመችበት ጊዜ የለም፤ ተቀምጣ ያዩዋት ካሉ ይንገሩኝ። ታናሽ እህቷ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። የመጣችው ለአንድ ነገር ነው፤ የእህቷ ስም በሰው ፊት ሲጠራ ለመስማት።

፫ኛ. እንግዳው ከተጠበቀው በላይ ሆነና ብርጭቆ አለቀ። እኛ እያጠብን፣ እያደረቅን፣ እንደገና እየላክን ሳለ ንግግርዎ ተጀመረ። ጸሐፊው በጥድፊያ መጥተው የብርጭቆው ኳኳታ ምስጋናውን እየረበሸው መሆኑን አስረዱንና የወጥ ቤቱን በር ዘጉብን። በኋላ ጭብጨባ ተሰማ። ሞተር የምንለው ሻይ አፍይው ጡረተኛ ሾፌር ዝናብ መስሎት በጓሮ የተሰጣውን የጠረጴዛ ልብስ ሊያስገባ ሮጠ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለምስጋናም እንደሚሆን ስላስተማሩን ባለውለታችን ነዎት።

፬ኛ. ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ስማችን አንድ በአንድ ተጠራ። የተዘጋጀልንን የምስክር ወረቀት ተቀባይ ሲጠፋ ጸሐፊውና የኮሚቴው አባላት ስለ እኛ ሆነው እየወጡ፣ እርስዎን እየጨበጡ፣ ፎቶ እየተነሱ ተቀበሉልን። የአክስቴ ስም ሲጠራ የወጡት ጸሐፊው ናቸው። እህቷ ብድግ ብላ ሴትየዋ ወጥ ቤት መሆኗን ልትናገር ስትል ፕሮግራም እንዳይበላሽ በጨዋ ደንብ አስቀመጧት። ለዚህ ጨዋነትም እናመሰግናለን።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንበር ልናጥፍ ወደ አዳራሹ ገባን። አክስቴ ሽርጧን ፈታች፣ ቀሚሷን በእጇ አስተካከለችና «ለበጎ ፈቃደኞች የተያዘ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ተቀመጠች። እህቷ አጠገቧ ቆማለች። አክስቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስሜን ደህና አድርገው ጠሩት?»

እህቷ አዎ አለቻት። ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሲመጣ አክስቴ ተነሳችና የተቀመጠችበትን ወንበር ራሷ አጥፋ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው። በማግስቱ ደግሞ ያልመጣች ተብላ በር ላይ ተለጠፈባት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ብዬ ነው የጻፍኩት። የምንለምነው ጥቂት ነው። ያ ማስታወቂያ ይነሳ፤ የአክስቴም ስም እሷ በተቀመጠችበት፣ እህቷ እየሰማች እንደገና ይጠራ። ጢም ከመላጨት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ጸጉርዎን ለመስተካከል እንደወትሮው ይምጡልኝ። እኔ ቂም አልይዝም፤ ምላጬም ቢሆን እስካሁን በእርስዎ ላይ አልተንሸራተተም።

ያልመጡትን በማመስገን፣ የመጡትን በመውቀስ የማይደክመው ትጋትዎ ዘወትር የሚያስደንቀኝ፣

አክባሪዎና ታዛዥዎ፣
ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ጸጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ ጸሐፊው ለመጪው ቅዳሜ ዝግጅት ሻይ የሚያፈላና ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው እንድንልክ ትናንት ደውለዋል። አክስቴ የወጥ ቤቱን ቁልፍ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጋለች። ቅዳሜ ሁላችንም እንመጣለን፤ ማስታወቂያዎ እንደመከረንም የፊት ረድፉን እንሞላለን። ሻዩን የምታፈሉልን የኮሚቴ አባላት፣ ስማችሁን አንድ በአንድ ጠርተን ከልብ እናጨበጭብላችኋለን። እንድትሰሙት የወጥ ቤቱን በር ክፍት እናደርግላችኋለን።