ከሐኪም ጣት የሸሸው ጭንቅላቴ

ለውድ እህቴ ለእታለም መነን፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ወጥተሽ ቤተ ክርስቲያን ትስሚያለሽ? ጋሼ ሞላን ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ቀዬውስ? እኔም ባለቤቴ ፈንታም ልጃችን ሎዛም ተመስገን ነው፣ ቆመን እንሄዳለን። ዝናቡ አባርቶልን በቆሎውን ሰብስበናል። የናፍቆቴን ነገር ተይው፣ ወረቀቱ አይበቃውም።

ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው አገኘሁና ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ አልጨርሰውም ብዬ ነው። ክረምት ላይ ዓይኔ ምንም አይደለም ያልኩሽ ትክክል አልነበረም። የዋሸሁሽ ግን እንዳይመስልሽ፤ እኔም ያመንኩት እሱኑ ነበር።

እንቅርቴ ካስቸገረኝ ወዲህ ዓይኖቼ ወደ ውጭ እየገፉ መምጣታቸውን ታውቂያለሽ። ያኔ አንድ ሐኪም ዓይኔን አስጨፍኖ በአውራ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ አደረገና፣ ከጀርባው ያለው ሥጋ ለስላሳ ነው፣ እንጠብቅ አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ በርበሬ ንግዴ ተመለስኩ። መስከረም ላይ ግን በግራ ዓይኔ ብቻ ሳየው በርበሬው አፈር መሰለኝ። ያደረ በርበሬ አመጣህብኝ ብዬ ፈንታ ላይ ጮህኩበት፤ እሱ ደግሞ እንደ ደም የቀላ ነው ይለኛል።

እንደገና ስሄድ ዶክተር ወሰን የምትባል ልጅ እግር ሐኪም አገኘችኝ። የአንዱ ጣት ለስላሳ ያለውን የሌላው ጠጣር ይለዋል ብላ፣ ዓይን ሲገፋ ምን ያህል እንደሚቋቋም በቁጥር የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ አመጣች። ሦስት ጊዜ ለካችኝ፣ ሦስቱም አልገጠመም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን ብላ ስታገላብጠው፣ ከጎኗ የቆመችው ሲስተር ሃኒ፣ "ዶክተር፣ እትዬ የዝና እኮ እየሸሹሽ ነው!" አለቻት።

እውነትም እታለም፣ እሷ ስትጫነኝ እኔ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ እሰጣት ነበር። የሐኪም እጅ መግፋት ነውር መስሎኝ፣ ሳይታወቀኝ። ያኛውም ሐኪም ለስላሳ ያለው እንዲሁ ሆኜበት ነው፤ የሚሸሽ ነገር ሲጫኑት ለስላሳ ይመስላል። ዶክተሯ፣ "እናቴ፣ ትሕትናዎን ለጎረቤት ያስቀምጡልኝ፤ እዚህ ወንበር ላይ ድርቅ ይበሉ" አለችኝ። ፈንታም ከበሩ ሆኖ፣ "እኔ ጋ እኮ አንድ ስንዝር ሸሽታ አታውቅም!" ብሎ አሳቃቸው።

ከዚያ ጭንቅላቴን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በጨርቅ አሰሩት፣ ትንፋሼን እንዳልይዝ ነገሩኝና እንደገና ሦስት ጊዜ ለኩኝ። ሲስተር ሃኒም የዶክተሯን ቁጥር ሳታይ ለብቻዋ ለካች። ይኼኔ ገጠመ። ማንም አልሳቀም። ግራው ከቀኙ እጅግ ጠጥሯል። በማሽን የተነሳሁትንም ፎቶ አይተው፣ ያበጠው ሥጋ የዓይኔን ነርቭ አንቆታል አሉኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ቦታ የሚያሰፋለት ቀዶ ጥገና ካልተደረገልኝ ዓይኑ ይጠፋል፤ ቢደረግልኝም እንደ ድሮው እንደሚያይ ማንም አልማለልኝም። ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ያ ሁሉ ክረምት አለፈብኝ፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንቺም እንቅርት አለብሽ፣ ዓይኔ ውሃ ያዝላል ብለሽኝም ነበር። ነገ ዛሬ ሳትዪ ደሴ ሄደሽ ታዪ። ሲለኩሽ ጭንቅላትሽን አስደግፊ፣ ሲያምሽ አመመኝ በዪ፤ ማንም አይቀየምሽም።

ቀጠሮዬ ኅዳር 22 ነው። ከቻልሽ ቀደም ብለሽ አዲስ አበባ ነዪልኝ፤ ከመግባቴ በፊት ፊትሽን በሁለቱም ዓይኔ አንዴ ልየው።

ጋሼ ሞላን እጅ ነስታለች በዪልኝ። እየሩስን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ነብዩን ትምህርትህን እንዳታቋርጥ አክስትህ ለምናሃለች በዪው። ፈንታና ሎዛ ጉልበትሽን ስመዋል።

እህትሽ የዝና
አሶሳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.