ላሚቱን ሊያመጣ ሄደ አልኳቸው

ውድ ወልዴ፣

ሁልጊዜ መጀመሪያ የጎረቤት ወሬ ነበር የምትጠይቀኝ፤ ከሱው ልጀምርልህ። የሺመቤት ወገቧ ተሽሏታል። ልጇ ቤተልሔምም በዚያ ጎርፍ መሃል ተሸክመው ቡታጅራ አድርሰዋት በሰላም ተገላግላለች፤ የወለደችው ሴት ናት። ዝናቡ ግን ዘንድሮ አልለቀቀንም። የታች ሰፈር ሰዎች ቤታቸው ውሃ ገብቶ ትምህርት ቤት ነው የተጠለሉት።

አንተን ከቀበርን ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀን። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ስላለ ነው የምጽፍልህ።

ያን ቀን ዝናቡ ሲወርድ፣ እኔ ሴትዮዋ ያሰብኩት ከዳገቱ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ለመስቀል የቀበርኩትን ቆጮ ነው። ውሃ ከገባበት የሁለት ዓመት ልፋቴ አለቀ። ጉልበቴ ደግሞ አብጦ መቆም አቅቶኛል። "አንተው ወርደህ አውጣልኝ" አልኩህ። ሳቅክብኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ወልዴ የሴት ሥራ ጀመረ፣ ቆጮ ጉድጓድ ገባ ተብሎ በመስቀል መሳቂያ ልሁን?"

"በዚህ ዝናብ ማን ያይሃል?"

"ለማንም እንዳትናገሪ!"

"አንተ ሙት፣ አልናገርም!"

ጆንያ ራስህ ላይ ጣል አድርገህ እየሳቅክ ወረድክ።

ስትዘገይ ጎረቤታችን ሸምሶ የሰፈሩን ሰው ይዞ መጣ። "ወዴት ሄደ?" ሲለኝ፣ "ላሚቱን ሊያመጣ፣ ወደ ሜዳው" አልኩት። አንዱ ጋ ተጠልሎ ይሆናል፣ ሲመጣ አይፈር ብዬ ነው። ላሚቱን እዚያው ታስራ አገኟት። አንተን ወንዙ ወስዶህ ነው ብለው ወንዙን ተከትለው ወረዱ።

በማግስቱም እስከ ቀትር ዝም አልኩ። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ አፌን መክፈት ፈራሁ። በኋላ ድንገት ትዝ ያለኝ መስዬ፣ "እስቲ ጉድጓዱንም እዩት" አልኳቸው። ዳገቱ ተንዶ እግርህን ይዞህ ነበር። ጭቃው የደረሰው ግን እስከ ደረትህ ብቻ ነው፣ ወልዴ።

ዛሬ ሸምሶ ሊጠይቀኝ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት።

"በአላህ ሸምሶ፣ ያኔውኑ ብናገር በሕይወት ታገኙት ነበር?"

"ወዲያው ነው የሞተው፣ እህቴ" አለኝ። ግን ፊቴን አላየኝም። ሻዩን ሳይቀምስ ተነስቶ ሄደ።

ነገ ወንድምህ ይድነቃቸው ከወልቂጤ ይመጣል። ለሱም ራሴ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ይገባ እንደሆነ እንጃ።

ያንተው እቴነሽ